የእድሩን ቅጣት ወደ ላምዳ ሳዞር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018

የሰፈራችንን እድር መዝገብ የሚይዘው የጃቫ ፕሮግራም የእኔ ሥራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በትርፍ ሰዓቴ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የምነካው ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ዛሬ ግድ ሆነ።

ባለፈው እሁድ ጠቅላላ ጉባኤው ደንብ ቀየረ። ቀብር ያልወጣ አባል ቅጣቱ ከ50 ብር ወደ 100 ብር አደገ። አራስ አትቀጣም። የታመመ ሰው ደግሞ ማስረጃ ካቀረበ አይቀጣም። ለሰው ሲነገር ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለፕሮግራሙ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ፋይሎቹን ከፍቼ ሳያቸው የራሴ ሥራ አሳፈረኝ። «የቅጣት ደንብ» የሚባል አብስትራክት ክላስ አለ፤ ለሌሎች ክላሶች እናት የሚሆን ንድፍ ነው። ከሥሩ 11 ልጆች ተሰልፈዋል። መዋጮ ያዘገየ አንድ ክላስ፣ ሁለት ወር የዘለለ ሌላ ክላስ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ቀብር የቀረ፣ ድንኳን የመትከል ተራውን ያልጠበቀ፣ የተዋሰውን ብረት ድስት በጊዜው ያልመለሰ። ሁሉም በየራሱ ፋይል። አንዱ ፋይል ሃያ ምናምን መስመር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሥራ የሚሠራው አንዱ መስመር ብቻ ነው። የቀረው የክላስ ስም፣ ኮንስትራክተር፣ ቅንፍ መክፈት፣ ቅንፍ መዝጋት። አንድ መስመር ደብዳቤ በሃያ ፖስታ መጠቅለል ማለት ይሄ ነው።

12ኛውን ክላስ ልጀምር ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁሉንም ወደ ላምዳ ላዞር ወሰንኩ፤ ላምዳ ማለት የራሱ ክላስና ስም ሳይጻፍለት እንደ ዕቃ የሚቀበል አጭር ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ የሠራሁት ግን ምንም የለም። ፕሮግራሙ አሁን የሚያወጣውን ቅጣት አባል በአባል ዘርዝሬ አትሜ አስቀመጥኩ። ስጨርስ የማወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 2

መጀመሪያ ነገሩን ለራሴ ላስረዳ።

ጃቫ ውስጥ ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ብቻውን አይዞርም። የክላስ ልጅ ነው፤ የትም ሲሄድ ከእናቱ ጋር ነው። አንድ ሥራን እንደ ዕቃ ለሌላ ሜተድ ማቀበል ከፈለግን፣ ድሮ ሥራውን የያዘ ኦብጀክት መፍጠር ነበረብን። በ1989 ዓ.ም. በወጣው ጃቫ 1.1 ስም የለሽ ክላስ መጣና ነገሩ ትንሽ ቀለለ። ቢሆንም ፖስታው አልቀረም። ላምዳ የገባው ጃቫ 8 በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። ስሙ የመጣው ደግሞ አሎንዞ ቸርች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ከሠራው የሒሳብ ዘዴ ነው።

ጃቫዎች ላምዳን ሲያስገቡ አዲስ የፈንክሽን ዓይነት አልፈጠሩም። ነባሩን ኢንተርፌስ ተጠቀሙ፤ ኢንተርፌስ አንድ ነገር ምን ምን ሥራ መሥራት እንዳለበት የሚናገር ውል ነው። አንድ ኢንተርፌስ አንድ አብስትራክት (አካል የሌለው) ሜተድ ብቻ ካለው ፈንክሽናል ኢንተርፌስ ይባላል፤ ላምዳ የሚገባው እዚያ ነው። እነ ራነብልና ኮምፓሬተር ላምዳ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፉ ናቸው። ያም ሆኖ በዚያው ቀን ላምዳ መቀበል ጀመሩ።

አሁን ይቺን እንይ፦

አባል -> አባል.እዳ() > 0

ይህ ምንድን ነው? ብቻውን ከሆነ ምንም አይደለም። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ለማሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ዓይነቱን አያውቀውም። ፕሬዲኬት በሚጠበቅበት ቦታ ስናስቀምጠው አዎ ወይም አይደለም የሚል መፈተኛ ይሆናል። ፈንክሽን በሚጠበቅበት ቦታ ስናስቀምጠው አባል ተቀብሎ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) የሚመልስ ፈንክሽን ይሆናል። ጽሑፉ አልተቀየረም፤ ማንነቱን የሰጠው የገባበት ቤት ነው። ይህን ነገር በቃል አውቀው ነበር። በዚህ ሥራ ግን ሦስት አራት ጊዜ በጥፊ አስታውሶኛል።

በነገራችን ላይ ከላይ ያለው መስመር ለማስረዳት ብዬ የተረጎምኩት አይደለም። እንዳለ ኮምፓይል ይሆናል። ጃቫ የክላስም የሜተድም ስም በፊደላችን ቢጻፍ ግድ የላትም። የእድሩን ቃላት በአማርኛ መጻፍ የጀመርኩት ጸሐፊው ጎኔ ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው። የግዕዝ ቁጥር ግን አይሆንም። «ደንብ፩» ብዬ ስሞክር ኤረር ሰጠኝ። ፩ ለጃቫ ፊደልም አሃዝም አይደለም። ኤንድ (እና)፣ ኦር (ወይም) የመሳሰሉት የጃቫ የራሷ ቃላት ደግሞ ኮዱ ውስጥ በላቲን ናቸው፤ እዚህ ብቻ ነው በፊደላችን የምጽፋቸው።

ማታ ሥራውን ወደ እድሩ ላፕቶፕ ወሰድኩ። ኮምፓይል ሳደርገው ስክሪኑ በኤረር ተሞላ። እዚያ ያለው ጃቫ 11 ነው፣ በዊንዶውስ ላይ። ፋይሉ የተጻፈው በዩቲኤፍ-8 (የፊደላት ማስቀመጫ ዘዴ) መሆኑን ሳያውቅ እንደ ላቲን ፊደል ሊያነበው ሞከረ። ኢንኮዲንጉን በትእዛዙ ላይ ስጨምርለት ዝም አለ። ከጃቫ 18 ወዲህ ሌላ ካልተነገራት የምትወስደው ዩቲኤፍ-8ን ስለሆነ በእኔ ማሽን ላይ ችግሩ አልታየም ነበር። አንድ ሰዓት በልቶብኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አብስትራክት ክላሱን ጣልኩት። ላምዳ ወደ ክላስ አይገባም፤ አብስትራክት ሜተዱ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ። ኢንተርፌስ መሆን አለበት። በእሱ ምትክ የቅጣት_ደንብ የሚባል ኢንተርፌስ ጻፍኩ። ያለው አንድ ሜተድ ነው፦ አባልና ወር ይቀበላል፣ ብር ይመልሳል። ስሙ ስንት_ብር።

ከዚያ ክላሶቹ አንድ በአንድ እንዲህ መሆን ጀመሩ፦

(አባል, ወር) -> አባል.ከፍሏል(ወር) ? 0 : 20

(አባል, ወር) -> 100 * አባል.ያልተገኘበት_ቀብር(ወር)

ሃያው መስመር አንድ ሆነ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ነገር እጨምራለሁ። ደረሰኙ ላይ ቅጣቱ ለምን እንደሆነ እንዲጻፍ ብዬ ኢንተርፌሱ ላይ ሁለተኛ ሜተድ ከተትኩ፤ መግለጫ የሚባል። ወዲያው ሁሉም ላምዳ ቀላ። አንድም አልተረፈም። ልክ ናቸው፤ ሁለት አብስትራክት ሜተድ ካለ ላምዳው የየትኛው አካል እንደሆነ በምን ይታወቃል?

መፍትሔው መግለጫን ዲፎልት ሜተድ ማድረግ ነበር። ዲፎልት ሜተድ የራሱ አካል ስላለው ከቁጥር አይገባም። ስታቲክም እንደዚያው። የሚያስገርመው ኮምፓሬተር ነው። ውስጡ ኮምፔርም ኢኩዋልስም አብስትራክት ሆነው ተጽፈዋል፣ ግን ፈንክሽናል ነው። ኢኩዋልስ ማንኛውም ኦብጀክት ከኦብጀክት ክላስ የሚወርሰው ስለሆነ አይቆጠርም።

ከኢንተርፌሱ በላይ የፈንክሽናል ኢንተርፌስን ምልክት ለጠፍኩበት። ምልክቱ ግዴታ አይደለም፤ ያለ እሱም ላምዳ ይሠራል። ጥቅሙ ሌላ ነው። የዛሬ ዓመት እኔው ራሴ ሁለተኛ ሜተድ ልጨምር ስል ኤረሩ ላምዳዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚያው ኢንተርፌሱ ላይም ይወጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ ከቅጣት ነፃ የሚሆኑትን ሠራሁ። እዚህ የራሴን ኢንተርፌስ አልጻፍኩም። አዎ ወይም አይደለም ለሚል ጥያቄ ጃቫ ፕሬዲኬትን አዘጋጅታለች። አራስ፣ ታማሚ፣ ማስረጃ_ያቀረበ፤ ሦስት ትንንሽ ፕሬዲኬቶች። ከዚያ ማጣበቅ ነው፦

አራስ.ኦር(ታማሚ).ኤንድ(ማስረጃ_ያቀረበ)

እንዴት ያምራል! እንደ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። አትሜ ለጸሐፊው ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ በጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቺ እኮ ወልዳ ሁለት ሳምንቷ ነው። አራስ ትቀጣለች እንዴ?»

«አትቀጣም ጋሼ።»

«ታዲያ መቶ ብር ይላል።»

ስህተቱን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ጥንድ መስመር (|| ወይም ማለት ነው) እና ጥንድ «እና» (&&) በምንጽፍበት በተለመደው አጻጻፍ ቢሆን ኖሮ ጃቫ መጀመሪያ «እና»ን ትሰበስባለች። ታማሚ እና ማስረጃ ያቀረበ፣ ወይም አራስ። እኔም በልቤ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። የሜተድ ሰንሰለት ግን የማባዛትና የመደመር ዓይነት ቅደም ተከተል አያውቅም። ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በቃ። መጀመሪያ አራስና ታማሚን አንድ ላይ ሰበሰበ፤ ከዚያ ከሁለቱም ማስረጃ ጠየቀ። አራሷን የሆስፒታል ወረቀት አምጪ አላት ማለት ነው። የተስተካከለው ይህ ነው፦

አራስ.ኦር(ታማሚ.ኤንድ(ማስረጃ_ያቀረበ))

የተንቀሳቀሰው አንድ ቅንፍ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ኮምፓይለር አይነግርም። የቀበሌውን አራስ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የስም ዝርዝሩ ሁሌም ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ጊዜ ስለነበረኝ ገባሁበት። ከቅጣቱ ሥራ ውጭ ነው፣ ግን ላምዳ እዚህ ላይ ነው የጣፈጠኝ።

ጃቫ ስሞችን የምታሰልፈው በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው። በዩኒኮድ ፊደላችን የተቀመጠው በሀ ሁ ተራ ስለሆነ ነገሩ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ናቸው። አለሙ ከከበደ ፊት ይቀመጣል። ዓለሙ ግን ከወርቁ ኋላ ነው። ሀይሌ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ኃይሌ ከተስፋዬ ኋላ ተወሽቋል። ሰውየው ሲመጣ ጸሐፊው ሦስት ቦታ ይፈልጉታል።

እዚህ የሚያስፈልገኝ ስም ተቀብሎ የተስተካከለ ስም የሚመልስ ነገር ነው። ገቢና ወጪው አንድ ዓይነት ሲሆን ዩነሪ ኦፐሬተር ይባላል። ውስጡን ለመጻፍ ትልቅ የፊደል ሰንጠረዥ ያስፈልገኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስፈለገም። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ነው የተደረደረው። ስለዚህ ከሠ ቤት ወደ ሰ ቤት መሄድ 16 መደመር ነው። ሡ ሱ ይሆናል፣ ሢ ሲ ይሆናል፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር። ከፀ ወደ ጸ 8 መቀነስ። ከሐ ወደ ሀ 16 መቀነስ፣ ከኀ ወደ ሀ 128 መቀነስ። ከዐ ወደ አ 48 መቀነስ። መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ። ወረቀት ላይ ቆጥሬ ስጨርስ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ላምዳ አድርጌ በ«ኤንድ ዜን» («ከዚያም» ማለት ነው) አያያዝኳቸው። ኮምፓይለሩ እምቢ አለ። ሁለት ዩነሪ ኦፐሬተር በኤንድ ዜን ስናያይዝ የሚወጣው ዩነሪ ኦፐሬተር አይደለም፤ ተራ ፈንክሽን ነው። ኤንድ ዜን የተወረሰው ከፈንክሽን ስለሆነ የሚመልሰውም እሱኑ ነው። ተቀባዩን ፈንክሽን ብዬ ስጽፈው ገባ።

የተስተካከለው ስም ለመደርደሪያ ብቻ ነው፣ አይታይም። ኃይሌ በመዝገቡ ላይ ኃይሌ እንደሆነ ይቀራል። የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነው።

ከዚያ ባለ ትልቅ እዳው ከላይ እንዲሆን ፈለግሁ፦

ኮምፓሬተር.ኮምፔሪንግ(አ -> አ.እዳ()).ሪቨርስድ()

ኤረር! «ኦብጀክት እዳ የሚባል ሜተድ የለውም» ዓይነት ነገር። እንዴት ኦብጀክት? ሪቨርስድን (ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠውን) ሳጠፋው ይሠራል። ስመልሰው ይሰበራል። ቡና አፍልቼ ተመለስኩ።

ያው የእሁዱ ነገር ነው። ላምዳው ማንነቱን የሚያገኘው ከሚሄድበት ቤት ነው። ኮምፔሪንግ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሲሰጥ መደርደሪያው «የአባል ኮምፓሬተር ነው የምፈልገው» ይለዋል፤ አ አባል መሆኑ ታወቀ። ሪቨርስድ መሃል ሲገባ ግን መደርደሪያው የሚያወራው ከሪቨርስድ ጋር ነው። ወደ ኋላ ለኮምፔሪንግ የሚደርሰው መልእክት የለም። ኮምፓይለሩም ሌላ ስላጣ ኦብጀክት ነው ብሎ ገመተ። ዓይነቱን በእጅ መንገር ነው፦ (አባል አ) -> አ.እዳ()። ወይም ደግሞ አጭሩ፣ የሜተዱን ስም ብቻ መጥቀስ፦ አባል::እዳ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዘጠኙ ደንቦች አልቀዋል። ሁለቱ ግን አስቸገሩ። አንዱን ብቻ ልንገር።

የድንኳን ተራ ደንብ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሲቀር ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ሲቀር 50 ብር። ስለዚህ ደንቡ ማስታወስ አለበት። ክላስ ሲሆን ፊልድ (የሚያስታውስበት ቦታ) አለው፤ ላምዳ ፊልድ የለውም። ከላምዳው ውጭ አንድ ቆጣሪ አስቀምጬ ከውስጥ ልጨምርበት ሞከርኩ። ኮምፓይለሩ ከለከለ፤ ላምዳ ከውጭ የሚይዘው የሜተዱ ተለዋዋጭ አንዴ ከተሰጠው በኋላ መለወጥ የለበትም።

ያኔ አላፈርኩበትም፤ ሁሉም የሚያውቃትን ተንኮል ሠራሁ። ቆጣሪውን አንድ ክፍል ያለው አሬይ ውስጥ ከተትኩት። አሬዩ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሆዱ ነው። ኮምፓይለሩ ዝም አለ። እኔም ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ካተምኩት ዝርዝር ጋር ሳወዳድረው ሰባት ሰው በመጀመሪያ ጥፋቱ 50 ብር ተቀጥቷል። ለምን? ላምዳው አንድ ነው፣ ቆጣሪውም አንድ ነው። የመጀመሪያው አባል ማስጠንቀቂያውን በላ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ «ሁለተኛ ጊዜህ ነው» ተባለ። በጎረቤቱ ጥፋት ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ሲከለክለኝ ምክንያት ነበረው።

የድንኳኑን ደንብ ወደ ክላስ መለስኩት። በአባል የሚቆጥር ማፕ ውስጡ አስቀመጥኩ፣ የቅጣት_ደንብ ኢንተርፌስን ይተግብር አልኩ፣ በቃ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እንደተሸነፍኩ የተሰማኝ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። የደንቦቹን ሊስት ሳየው ዘጠኝ ላምዳና ሁለት ኦብጀክት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእነሱ ላይ የሚዞረው ሉፕ የትኛው ላምዳ፣ የትኛው ክላስ እንደሆነ አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያስታውሰው ነገር ያለው ክላስ ይሁን፤ የሌለው ላምዳ ይሁን። ለዚህ ፕሮግራም ሕጌ ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የራሴን ኢንተርፌስ ለምን ጻፍኩ? ጃቫ ራሷ 43 ፈንክሽናል ኢንተርፌስ አዘጋጅታ የለ? ጠዋት ይህ ከነከነኝና የቅጣት_ደንብን አጥፍቼ በባይፈንክሽን ተካሁት። አባል፣ ወር፣ ብር። በትክክል ይገጥማል።

እስከ እኩለ ቀን መልሼ አወጣሁት። ሊስቱ አሁን የባይፈንክሽን ሊስት ሆነ። ምን የሚሠራ? ሲጠራም አፕላይ ነው የሚባለው፤ ደንብ.አፕላይ። ከ«ስንት ብር» ጋር አይወዳደርም። መግለጫውን የምሰቅልበት ቦታም ጠፋ፤ የሌላ ሰው ኢንተርፌስ ላይ ዲፎልት ሜተድ አይጨመርም። ፕሬዲኬት፣ ፈንክሽን፣ ሰፕላየር ለአላፊ አግዳሚ ሥራ ጥሩ ናቸው። ሰዎቹ በስም የሚጠሩት ነገር ከሆነ ግን ኢንተርፌሱም በዚያው ስም ይጠራ። እድር ውስጥ «ባይፈንክሽኑ ምን ይላል?» የሚል ሰው የለም። «ደንቡ ምን ይላል?» ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ አባል ስልኩ ሳይመዘገብ ቀርቶ ፕሮግራሙ ተሰበረ። ኤረሩ የሚያሳየኝ ላምዳ ቁጥር 7 የሚል ነው። ሰባተኛው የቱ ነው? በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከዜሮ እንደሚጀምር ረስቼ የተሳሳተው ላይ አፈጠጥኩ። ላምዳ ስም የለውም፤ ሲሰበርም በስሙ አይጮህም። ከሦስት መስመር በላይ የሆኑትን አራት ላምዳዎች አውጥቼ ስም ያላቸው ሜተድ አደረግኳቸው። ሊስቱ ውስጥ የሚታየው ደንቦች::የብረት_ድስት ነው። አሁን ሲሰበር ድስቱ መሆኑን ይነግረኛል።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ከስብሰባው በፊት ጸሐፊው ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። ላፕቶፑን ከጀበናው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ።

አዲሱን ቅጣት ካተምኩት ጋር አወዳደርን። የተለየው የቀብር ቅጣት ብቻ ነው፣ መለየት የነበረበትም እሱ ነው። ስሞቹን አዩ፤ ኃይሌና ሀይሌ ተከታትለው ሲያገኟቸው «እሰይ» አሉ። ከዚያ የደንቦቹን ሊስት ከፈትኩላቸው። አሥራ አንድ መስመር፣ በአማርኛ። ቀስቱንና ቅንፉን እያለፉ በጣታቸው አነበቡ። ስምንተኛው ላይ ቆም አሉና «ይሄ 20 ብር እኮ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ 30 ሆኗል» አሉ። ጉባኤው ላይ አልነበርኩም፣ ማንም አልነገረኝም። እዚያው ቀየርኩት።

«እስቲ ያቺን አራስ አሳየኝ» አሉ።

ስሟን ጻፍኩ። 0 ብር።

ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለተኛውን ስኒ አነሱ።